ግማሽ ኪሎ ሥጋ ለስድስት ሰው፤ ከእስያ ማጀት የምንማረው

ሥጋ ቤት ጎራ ብሎ «ግማሽ ኪሎ ብቻ» ማለት ዛሬ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የሥጋን ዋጋ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ቤት ከተደረሰ በኋላ ነው። ያ ግማሽ ኪሎ ክትፎ ቢሆን ለሁለት፣ ግፋ ቢል ለሦስት ሰው ነው። ጥብስ ቢሆንም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ቤት ውስጥ ደግሞ እናትና አባት፣ ሦስት ልጆችና አንዲት አያት አሉ እንበል። አያት ጥርሳቸው ደክሟልና ጥብሱን ማላመጥ ያስቸግራቸዋል። ትንሹ ልጅ ገና ሁለት ዓመቱ ስለሆነ ጥሬም ሆነ ለብለብ ሥጋ ሊሰጠው አይገባም። ትልልቆቹ ደግሞ «ዛሬም ያው ነው?» ማለት ጀምረዋል።

ከሕንድ እስከ ጃፓን ያሉ እናቶችና አያቶች ይህን ጥያቄ በተፈጨ ሥጋ ከመለሱት ቆይተዋል። ምግቦቻቸው በስም እንግዳ ቢመስሉም አብዛኛው ቅመማቸው ከእኛ ማጀት አይጠፋም። በዛሬው ጽሑፋችን ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን መርጠን አሠራራቸውን እናሳያለን። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል፤ አንደኛው ሥጋው እንዴት እንደሚበረክት፣ ሁለተኛው እንዴት ያለ ስጋት እንደሚበላ።

ሥጋው ማጣፈጫ ሲሆን

በእኛ ማዕድ ሥጋ ሲኖር የዕለቱ ባለቤት እርሱ ነው። በብዙ የእስያ ማጀቶች ግን ጥቂት የተፈጨ ሥጋ የሚጨመረው ሩዙን፣ ድንቹን፣ አተሩን ወይም ጎመኑን ለማጣፈጥ ነው። ሥጋ ሲፈጭ በሁሉም ጉርሻ ውስጥ ይገኛል፤ «ለእኔ አልደረሰኝም» የሚል አይኖርም። ሕንዶችና ፓኪስታኖች «ኪማ» የሚሉትን የተፈጨ ሥጋ ከአተርና ከድንች ጋር ያበስሉታል። ጃፓኖች በሩዝ ላይ ይነሰንሱታል። ሰሜን ቻይናዎች ከጎመን ጋር ቀላቅለው በስስ ሊጥ ይጠቀልሉታል።

በቻይና የሲቹዋን ግዛት ዋና ከተማ በቼንግዱ ደግሞ «ማፖ ቶፉ» የሚባል ዝነኛ ምግብ አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያች ከተማ ምግብ ቤት በነበራቸውና ፊታቸው ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ በነበረባቸው ባልቴት የተሰየመ እንደሆነ ይነገራል። «ማፖ» ማለትም «ባለ ጠባሳዋ ባልቴት» እንደማለት ነው። ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ ብዙ፣ የተፈጨው ሥጋ ግን ጥቂት ነው። ያቺ ጥቂት ሥጋ ከበርበሬው ጋር ሆና ድስቱን ሁሉ ታጣፍጠዋለች።

ነገሩ ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ምንቸት አብሽ ከዚሁ ወገን ነው። በረመዳን ማፍጠሪያ የማይጠፋው ሳምቡሳም ስሙ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ፣ ሕንድም እኛም ጋር የደረሰ መንገደኛ ምግብ ነው። በቤይሩት፣ በዱባይ ወይም በጅዳ ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ኮፍታ እንዴት እንደሚድቦለቦል ያውቁታል። እንዲህ ያለች ልጅ ቤት ውስጥ ካለች ከዚህ በታች ላለው ሁሉ ግማሹን ትምህርት ጨርሳለች ማለት ነው።

የተፈጨ ሥጋ ለምን ለብቻው ጥንቃቄ ይሻል?

ሙሉ ሥጋ ላይ ጀርሞች በአብዛኛው የሚቀመጡት ከላይ ነው። ላዩ በደንብ ሲጠበስ ይሞታሉ። ሥጋው ሲፈጭ ግን ከላይ የነበረው ወደ ውስጥ ይገባል፤ የመፍጫው ማሽን ያልጸዳ ከሆነም የሌላው ሥጋ ይጨመርበታል። ስለዚህ ላዩ ቢጠቁርም መሐሉ ቀይ የሆነ የተፈጨ ሥጋ አደጋው እንዳለ ነው።

በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች እ.ኤ.አ. በ1993 መጀመሪያ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። በደንብ ያልበሰለ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ውስጥ በነበረ ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ከ700 በላይ ሰዎች ታመው አራት ሕፃናት ሞተዋል። ይህ የባክቴሪያ ዓይነት በተለይ የሕፃናትን ኩላሊት ይጎዳል፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎችንም አይምርም። በእኛ አገር በጥሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትልም ለማንም አዲስ አይደለም። ሁለቱም በእሳት ይሞታሉ። የጤና ባለሙያዎች ለተፈጨ የበሬና የበግ ሥጋ የሚያስቀምጡት ልክ መሐሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ ነው፤ ለዶሮ 74 ነው።

ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ከሌለ ምልክቱ ይህ ነው። ተበትኖ የሚበስል ሥጋ ቀዩ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ፣ በመረቁ ውስጥ ለደቂቃዎች ሲንተከተክ ይታያል። የተድቦለቦለ ወይም በሊጥ የተጠቀለለ ከሆነ ግን ከትልቁ አንዱን ቆርጠው መሐሉን ይዩ። ሮዝ ቀለም ካለው ወይም ፈሳሹ ደም ከመሰለ ይመለስ። ይህ ጽሑፍ ክትፎ ወዳዱን ለመክሰስ የተጻፈ አይደለም። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአዛውንቶች ግን ጥሬውና ለብለቡ ይቅር ማለት ግዴታችን ነው። የእስያ ምግቦቹ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው፤ ልጅና አያት ከአንድ ድስት ያለ ስጋት ይበላሉ።

ሥጋ ቤት ሲሄዱ አስቀድሞ የተፈጨውን ከመውሰድ ይልቅ ቁራጩን መርጠው ፊትዎ ያስፈጩ። ለዚህ ዓይነት ምግብ ጭቅና አያስፈልግም፤ ወርች ወይም ፍሪምባ ከጥቂት ጮማው ጋር ይበቃል። ጭራሽ ጮማ የሌለው ሥጋ ሲበስል ደርቆ ይበተናል። ማሽኑን ካላመኑት ቤት ወስዶ በስለት መክተፍም ይቻላል፤ የእኛ ሰው በዚህ ማንም አይቀድመውም።

አንድ፦ ኪማ ማታር፣ የሕንድና የፓኪስታን የሥጋና የአተር ወጥ

ለጀማሪ የሚቀርበው ይኸኛው ነው፤ ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ቅመሙ ይገባል፣ ወጡ ይንተከተካል። «ማታር» ማለት አተር ነው።

የሚያስፈልገው፦ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ወይም የበግ ሥጋ፣ ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል፣ ሁለት ቲማቲም፣ ሁለት መካከለኛ ድንች፣ አንድ ኩባያ ተኩል የተፈለፈለ እሸት አተር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ከቅመም ሁለት የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ሦስት ፍሬ ቅርንፉድና አንድ ስንጥር ቀረፋ።

አሠራሩ፦ ቅርንፉዱንና ቀረፋውን በጋለ ዘይት ውስጥ ይጨምሩ። ሽታቸው ሲወጣ በደቃቁ የተከተፈውን ሽንኩርት ጨምረው ወርቃማ እስኪሆን ያቁላሉ። እዚህ ላይ ከእኛ ይለያል፤ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት አይቁላላም። የተደቆሰውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያስከትሉ። ከዚያ ድንብላሉን፣ ከሙኑንና እርዱን ጨምረው እንዳያር በአንድ ማንኪያ ውሃ ያለዝቡት። ሥጋውን ሲጨምሩ እንዳይጓጎል በማማሰያው ጫፍ እየበታተኑ ቀዩ እስኪጠፋ ያማስሉት። የተከተፈውን ቲማቲም፣ ጨውና በትንንሹ የተቆረጠውን ድንች ይጨምሩ። አንድ ኩባያ ውሃ ያፍሱበት፤ ከድነው በመጠነኛ እሳት ለ20 ደቂቃ ይተዉት። አተሩ የሚገባው በመጨረሻው አሥር ደቂቃ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይፈርሳል። ከማውጣትዎ በፊት ቀረፋውንና ቅርንፉዱን ይልቀሙ፤ ሕፃን ቢነክሰው ምግቡን ይጠላዋል።

ቃሪያውን ድስቱ ውስጥ አይጨምሩ። የልጆቹና የአያት ድርሻ ከወጣ በኋላ ከትፈው ለሚወድ ይነስንሱ። ሕንዶች ኪማን በቂጣ መሰል ሮቲ ወይም በሩዝ ይበሉታል፤ ሙምባይ ውስጥ ደግሞ በለስላሳ ዳቦ ማቅረብ የተለመደ ነው። በእንጀራም ያምራል። ሦስት ማንኪያ የቀረው እንደሆነ ለማግሥቱ የሳምቡሳ መሙያ ይሆናል።

ሁለት፦ ሶቦሮ፣ የጃፓን ልጆች ምሳ

ጃፓን ውስጥ ለልጆች የምሳ ዕቃ ከሚዘጋጁት ተወዳጅ ምግቦች አንዱ ነው። ሩዙ ላይ በሦስት መስመር ቡናማ ሥጋ፣ ቢጫ እንቁላልና አረንጓዴ አትክልት ይደረደራል። አትክልት አልበላም የሚል ልጅ ባንዲራ መስሎት ይበላዋል። በርበሬ የለውም፤ ማላመጥም አይጠይቅም።

የሚያስፈልገው፦ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ወይም የዶሮ ሥጋ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈገፈገ ዝንጅብል፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ አራት እንቁላል፣ ሁለት እፍኝ ፎሶሊያ፣ ሦስት ኩባያ ሩዝ።

አሠራሩ፦ ሥጋውን፣ ሶይ ሶሱን፣ ስኳሩን፣ ዝንጅብሉንና ውሃውን መጥበሻው ገና ሳይግል አንድ ላይ ያዋሕዱ። ከዚያ እሳቱን ይለኩሱ። ከጅምሩ እስከ መጨረሻው በሹካ እየበታተኑ ያማስሉት። መጀመሪያ ውሃ ያወጣል፤ አይደንግጡ። ከአሥር እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ውሃው ተመጦ ሥጋው የፍርፍር ያህል ደቆ ያብረቀርቃል። እንቁላሉን በቁንጥር ጨው መትተው በትንሽ እሳት እየፈረፈሩ ሙሉ በሙሉ ያብስሉት። ፎሶሊያውን ቀቅለው በስሱ ይክተፉ። ሩዙ ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን ደርድረው ያቅርቡ።

ለምሳ ዕቃ የሚሆነው ከተበላው ተርፎ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ሩዝ አይሁን። የበሰለ ሩዝ ለሰዓታት ውጭ ከቆየ ዳግም ቢሞቅ እንኳ የማይጠፋ የምግብ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። በበሰለ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ በማግሥቱ ይጠናቀቅ።

ሦስት፦ ጂያኦዚ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚጠቀልለው

በሰሜን ቻይና በዘመን መለወጫቸው ዋዜማ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ጠረጴዛ ከበው ጂያኦዚ ይጠቀልላሉ። ቅርጹ የጥንቱን የብርና የወርቅ ጥፍጥፍ ገንዘብ ስለሚመስል የሀብት ምኞት ምልክት ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ ለዕድል ብሎ አንዱ ውስጥ ሳንቲም ይደብቃል፤ ይህንን ግን ለሕፃንና ለአዛውንት ጥርስ ሲባል እንተወው። ሥራው ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ ደስታውም እዚያው ላይ ነው። አያት ሊጡን ይዳምጣሉ፣ እናት ትሞላለች፣ ልጆች ያጥፋሉ።

ለሊጡ፦ ሦስት ኩባያ የፉርኖ ዱቄትና አንድ ኩባያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውሃ። በደንብ አሽተው እርጥብ ጨርቅ አልብሰው ለግማሽ ሰዓት ያሳርፉት።

ለመሙያው፦ 300 ግራም የተፈጨ ሥጋ፣ 300 ግራም ጥቅል ጎመን፣ ሁለት ራስ ባሮ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈገፈገ ዝንጅብል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ ካለ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት።

ጎመኑን በደቃቁ ከትፈው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሰው ለ15 ደቂቃ ይተዉት፤ ከዚያ በእጅ ጨምቀው ውሃውን ያውጡ። ይህ ከተዘለለ መሙያው ውሃ አውጥቶ ሊጡን ይበሳዋል። ሥጋውን ከቅመሙና ከሦስት ማንኪያ ውሃ ጋር እስኪያያዝ በአንድ አቅጣጫ ያማስሉ፤ ጎመኑን በመጨረሻ ይጨምሩ። ጨው በቅቶት እንደሆነ ለማየት ጥሬውን አይቅመሱ፤ የለውዝ ያህል ጠብሰው ይቅመሱ።

ሊጡን ወደ 48 በሚጠጋ ትንንሽ ድቡልቡል ይቆራርጡ። እያንዳንዱን የመዳፍ ስፋት እስኪኖረው ይዳምጡ፤ ዳሩ ከመሐሉ ይሳሳ። አንድ የሻይ ማንኪያ መሙያ አስቀምጠው እንደ ግማሽ ጨረቃ አጥፈው ጠርዙን ጥብቅ አድርገው ይጫኑ። የልጆቹ ጠማማ ቢሆን ግድ የለም፤ ዋናው እንዳይከፈት ነው።

ሰፊ ድስት ውሃ ሲፈላ 15 ያህሉን ይጨምሩ፤ እንዳይጣበቁ ቀስ ብለው ያማስሉ። ውሃው ዳግም ሲፈላ ግማሽ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምሩ። ይህን ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ይህ የቻይና ባልቴቶች የቆየ ዘዴ ነው፤ ሊጡ ሳይፈነዳ ሥጋው እንዲበስል ጊዜ ይሰጣል። ተንሳፈው ሊጡ ሲነፋ አንዱን ቆርጠው ያረጋግጡ። ሶይ ሶስ፣ ኮምጣጤና የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት ቀላቅለው ለማጥቀሻ ያቅርቡ። ውስጡ የሚፈላ መረቅ ስላለው ለሕፃናት ቆርጠው ያቀዝቅዙላቸው።

በሶብላ ለሚወዱ

ታይላንዶች «ፓድ ክራ ፓው» የሚሉት ምግብ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም። የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ በጋለ ዘይት ይገባል፤ የተፈጨው ሥጋ በኃይለኛ እሳት ይጠበሳል፤ ጥቂት ሶስና ስኳር ይጨመራል፤ በመጨረሻ አንድ እፍኝ የበሶብላ ዘመድ የሆነ ትኩስ ቅጠል ይደረግበትና ከሩዝና ከተጠበሰ እንቁላል ጋር ይቀርባል። የእኛው ትኩስ በሶብላ ቦታውን በሚገባ ይሸፍናል። ምስጢሩ መጥበሻው በጣም መጋሉና ሥጋው በጥቂት በጥቂቱ መግባቱ ነው፤ ሁሉም አንድ ጊዜ ከተዘረገፈ ውሃ አውጥቶ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ታይላንዶች በሶይ ሶስ ላይ የዓሣ ሶስም ይጨምሩበታል። ካልተገኘ ጥቂት ጨውና የሎሚ ጠብታ ይበቃል።

የሶይ ሶስ ነገር

ደም ግፊት ያለበት ሰው ባለበት ቤት ይህ መነበብ አለበት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ ወደ 900 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2000 ሚሊ ግራም በታች ይሁን ይላል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አይሞላም። ከላይ ባለው የሶቦሮ አሠራር ሦስቱ ማንኪያ ለስድስት ሰው ሲከፈል ለአንዱ 450 ሚሊ ግራም ያህል ይደርሰዋል። በላዩ ጨው አይጨመር፤ ጠርሙሱም ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። ጣዕሙን ዝንጅብል፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ያሟሉታል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ድርሻው ጨውም ሶስም ሳይገባ ተለይቶ ይብሰልለት። ሶይ ሶስ በአብዛኛው ስንዴም ስላለበት ስንዴ ወይም አኩሪ አተር የማይስማማው ሰው ይጠንቀቅ።

ጾምና ሃይማኖት

በቻይና የምግብ አሠራሮች ውስጥ «ሥጋ» ሲባል ብዙ ጊዜ የአሳማ ማለት ነው። በበሬ፣ በበግ ወይም በዶሮ መተካት ጣዕሙን አያበላሸውም። በቻይናና በጃፓን አሠራር የሚጠቀሰው የሩዝ ወይን አልኮል ስላለበት የማይፈልግ ሰው በውሃና በትንሽ ስኳር ይተካው። ለጾም ቀን ደግሞ በኪማው ሥጋ ፈንታ ድፍን ምስር፣ በጂያኦዚው ፈንታ በደቃቁ የተከተፈ እንጉዳይና ካሮት ይገባል። ሶይ ሶስ ከአኩሪ አተር የሚሠራ በመሆኑ ለጾም አያስቸግርም።

መብራት ሲጠፋ

ጥሬ የተፈጨ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። ከዚያ በላይ ካስፈለገ በስስ ላስቲክ እንደ ቂጣ ጠፍጥፈው በየግማሽ ኪሎው ፍሪዘር ያስገቡት። እንዲህ ሲሆን ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ሲፈለግም ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ ይሟሟል። ጠዋት አውጥቶ እስከ ማታ ጠረጴዛ ላይ መተው አይገባም። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አይክፈቱ፤ ተዘግቶ ከቆየ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይጠብቃል። ከዚያ ካለፈ በፍሪጁ ውስጥ ያለ ጥሬ የተፈጨ ሥጋ ባይሸትም አይታመን፤ የሚያሳምም ጀርም ሁልጊዜ አይሸትም። ጥሬ ሥጋ የነካው መክተፊያና ቢላ ሰላጣ ከመንካቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ።

ለመጀመር ኪማውን ይምረጡ፤ እጅዎ ያውቀዋል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲውሉ ሶቦሮው ይከተላል። ጂያኦዚው ግን ሁሉም ቤት የሚውልበትን እሑድ ይጠብቅ፤ ሊጡን የሚዳምጡ አያትና የሚያጥፍ ልጅ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ሰዓት እንዲሁ በየቀኑ አይገኝምና። መልካም ማዕድ።